ለኮት ሲባል ቤርገን ሳይደርስ ስለቀረው ቡናችን

ቀን፦ መስከረም 18 ቀን 2009 ዓ.ም.
ጨለለቅቱ

ለተከበሩ አቶ ፊሊጶስ፣
የቡና ገበሬዎች ማኅበራችን ሊቀ መንበር

ጉዳዩ፦ ስለ ቅናቴ

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን በትሕትና እያቀረብኩ፣ ለመላ ጤናዎ፣ በተለይም በአውሮፕላን ወንበር ጥበት ለተጎዱት ሁለት ጉልበቶችዎ ፈጣሪ ምሕረቱን እንዲያወርድልዎ እመኛለሁ። እኔ ላለፉት አሥራ አንድ ዓመታት የማኅበራችንን ቡና በማድረቂያ አልጋ ላይ አስጥቼ የማደርቀው መንበረ ከፈለኝ ነኝ፤ ይህን መጻፌ ምናልባት ውጭ አገር ደርሰው ሲመለሱ ፊቴን ረስተውት እንደሆነ ብዬ ነው።

ቡና ቆልተው የሚሸጡ የኖርዌይ ነጋዴዎች ባለፈው ሰኔ ቤርገን በሚባለው ከተማቸው ለጠሩት የቅምሻ ጉባኤ፣ ቡናውን የሚያደርቀው ሰው ናሙናውን ይዞ ይምጣልን ብለው ሲጽፉ፣ እርስዎ ሴት ልጅ ያን ብርድ አትችለውም በማለት ብርዱን በእኔ ፋንታ ሊቀበሉልኝ ስለሄዱ በቅድሚያ አመሰግናለሁ። ደብዳቤዬን በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የለጠፍኩትም ምስጋናዬ በእርስዎ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎ እንዳይቀር ነው። ሳልሸፋፍን ልናገርና፣ ቀንቻለሁ። ከተመለሱበት ቀን ጀምሮ ቅናት ሲያንገበግበኝ ያድራል፤ የምቀናባቸውንም ነገሮች ከዚህ በታች በቁጥር አቀርባለሁ።

1. በአዳራሹ ስለ ጉዞዎ ሲተርኩልን፣ አውሮፓ ከገቡ በኋላ የተሳፈሩበት ርካሽ አውሮፕላን ጉልበት የማያዘረጋ፣ ውሃ እንኳ የሚሸጥበት፣ ከአንዲት ትንሽ ሻንጣ በላይ የማያስገባ መሆኑን አምርረው ነግረውናል። እኛ ከዲላ ጨለለቅቱ በምንመላለስበት ሚኒባስ ለሦስት ሰው በተሠራ ወንበር አምስት ሆነን ስንቀመጥ፣ ከአምስታችን አንዷ ደግሞ ዶሮ ታቅፋ፣ ውሃ የሚሸጥልን ቀርቶ መስኮት የሚከፍትልን አናገኝም። ለብቻዎ ወንበር፣ ለብቻዎ መስኮት፣ ከእግርዎ በታች ደመና! እንዲህ ያለውን ሥቃይ አንድ ቀን እንኳ ብሠቃየው ምን ነበረበት?

2. በቤርገን ዝናብ ሲዘንብ ሰው እንደማይሮጥ፣ እናቶች ጋሪ ውስጥ የተኙ ሕፃናታቸውን ካፌ ደጅ ትተው ተረጋግተው ቡና እንደሚጠጡ፣ ፀሐይዋም በዚያ ወር እስከ ምሽቱ አምስት ሰዓት እንደማትጠልቅ አስረድተውናል። ከእኔ ጋር ቡና የምትለቅመው ሩቂያ ስለ ሕፃናቱ ስትሰማ፣ ልጇን ያዘለችበትን አንቀልባ ጠበቅ አደረገች። የእኔ ልብ ግን እውነቱን ለመናገር የቀረው ፀሐይዋ ላይ ነው። ሰማዩ በጠቆረ ቁጥር ላስቲክ ይዘን ከአልጋ ወደ አልጋ የምንሮጥ ሰዎች፣ አንድ ፍሬ የሚሰጣ ቡና በሌለበት አገር ያን ያህል ፀሐይ ያለ ሥራ እንደምትውል ሰምተን እንዴት አንቅና? እርስዎ ደግሞ ብርሃኑ እንቅልፍ ነሳኝ ብለው መጋረጃ ዘጉባት።

3. ሦስተኛውን ቅናት ልበለው ወይስ ሌላ ስም ላውጣለት አላውቅም። ሩቂያና እኔ ሦስት ሳምንት ሙሉ ጥቁሩን፣ የተሰበረውንና ነቀዝ የነካውን ፍሬ አንድ በአንድ እየለየን ያዘጋጀነውን አምስት ኪሎ ናሙና፣ ሻንጣዎ አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ካለው ሻንጣ መለኪያ የብረት ሳጥን አልገባም ቢል ጊዜ፣ አዲሱ የሱፍ ኮትዎ እንዳይጨማደድ ብለው ቡናውን አውጥተው ከቆሻሻ መጣያው አጠገብ ትተውት መሄድዎን እንደ ቀልድ አወሩልን። ቡና እንደሆነ አገር ቤት ሞልቷል አሉ፤ አዳራሹም ሳቀ። እኔም ለወጉ ፈገግ ብዬ ነበር። ቀጥለው ግን በቅምሻው ጠረጴዛ ላይ የመንደራችን ስም የተጻፈበት ካርድ ቆሞ፣ ከፊቱ ያለው ስኒ ባዶ እንደነበረ ሲነግሩን ፈገግታዬን መልሼ ሰበሰብኩ። ያ ስኒ የእኔ ነበር፣ አቶ ፊሊጶስ። አሥራ አንድ ዓመት ያደረቅሁት ቡና እነዚያ ሰዎች አፍ ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚሉ የምንሰማበት ቀን እሱ ብቻ ነበር።

ኮት እኮ ይለበሳል። እኔ ብሆን ያሉኝን ሦስት ቀሚሶች ደራርቤ ለብሼ፣ ቡናውን በየኪሴ ሞልቼ፣ የተረፈውንም በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ፣ ወሯ እንደገባ ነፍሰ ጡር እያዘገምኩ እገባ ነበር። ይህን ለማሰብ እንግሊዝኛ ማወቅ አያስፈልግም።

4. በቀይና በቢጫ የእንጨት ቤቶች ፊት ለፊት ኮትዎን ለብሰው የተነሡትን ፎቶግራፍ በማኅበሩ ቢሮ ግድግዳ ላይ ስለሰቀሉልን አመሰግናለሁ። በየቀኑ አየዋለሁ። ኮቱ በእውነት አንድም ቦታ አልተጨማደደም።

በመጪው ሰኔ ለሚደረገው ጉባኤ ደግሞ እንዳይደክሙ፣ ጉልበትዎንም እንዲያሳርፉ በታላቅ አክብሮት እለምናለሁ።

በየስብሰባው የሚደጋገመውን የቤርገን ትረካዎን በቃሏ የያዘች፣ ከማድረቂያ አልጋዎቹ መካከል ጎንበስ ብላ እጅ የምትነሣ ትሑት አገልጋይዎ፣

መንበረ ከፈለኝ

ግልባጭ፦
ለማኅበሩ አባላት በሙሉ
ለሩቂያ (እኔ ራሴ አነብላታለሁ)

ከፊርማዬ በኋላ የታወሰኝ፦ ከዚያ ቡና አንድ ኪሎ እንደ ልማዴ ለማመሳከሪያ አስቀርቼ ነበር። ዲላ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው ቶሌራ ደብዳቤ በእንግሊዝኛ ጽፎልኝ፣ ቡናውን ከዲላ በፖስታ ለኖርዌዮቹ ላክሁላቸው፤ መልሱ ባለፈው ማክሰኞ ደረሰኝ። ቡናውን ቀምሰውታል፤ ስለ አደራረቁም አንድ አንቀጽ ሙሉ ጽፈዋል፣ ቶሌራ የተረጎመልኝን ሩቂያ ሦስት ጊዜ አስደግማኛለች። የሰኔው ግብዣ በእኔ ስም ነው። የምሳፈረው በዚያው በርካሹ አውሮፕላን ሲሆን፣ የሚፈቀደውም አንዲት ትንሽ ሻንጣ ብቻ ነው ይላል። ስለዚህ ያን ኮትዎን ቢያውሱኝ፤ በፎቶው ላይ እንዳየሁት ኪሶቹ ሰፋፊ ናቸው።