ገመድ ነቃይ

ጥቅምት 3

ለማንም ያልነገርኩት ነገር አለኝ። ባሌ በዳማ ሊያሸንፍ ሲል የዋይፋዩን ገመድ የነቀልኩት እኔ ነኝ።

ምሳ ቀርቧል ብዬ ደጋግሜ ጠራሁት። “አንዴ ቆይ፣ ጨረስኩት!” ይላል ስልኩ ላይ አፍጥጦ። ነቀልኩት። ሰዓቱ አለቀ፣ ጨዋታው “ተሸንፈሃል” አለው። በሳምንቱ ታሞ ተኛ። አልጋው ላይ ሆኖም ኔትወርኩን ይራገም ነበር... እኔም አብሬው ረገምኩ!

ካረፈ ይኸው ዓመት ሊሞላው ነው። ዛሬ ልብሱን አጠብኩ። ስልኩንም ቻርጅ ላይ ሰካሁት። ለምን እንደሆነ እንጃ።

ጥቅምት 5

ስልኩ ነፍስ ዘራ። መልእክቱ ሁሉ የአንድ ሰው ነው፤ ባሌን በዳማ ሲያንገበግበው የኖረው፣ “ጥርስ ነቃይ” የተባለው።

“አንተ ፈሪ! እንደ ሸሸህ ቀረህ?”

ፈሪ? ባሌ? ደሜ ፈላ። ፊደል የቆጠርኩት ብቻዬን ነው፣ ከመድኃኒት ካርቶንና ከአሮጌ ጋዜጣ ላይ። ለቅሜ ለቅሜ ጻፍኩ፦ “አለሁ።”

ውሸት አይደለም። አለሁ እኮ! “አለሁ” ወንድ ሴት አይለይም።

ጥቅምት 6

ተጫወትን። ጠጠሩን ልበላበት ስል ጨነቀኝና “ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ልበላብዎ ነው” አልኩት።

እሱም፦ “አንቱ??? ምነው፣ አሞሃል? ስድብህ ወዴት ሄደ?”

ባሌ ይሳደብ ነበር? ከአፉ “እባክሽ” የማይጠፋው ሰውዬ? ወደ ላይ እየገፋሁ የድሮውን አነበብኩ። “አንተ የበሰበስክ መንጋጋ!” ይለዋል። ስስቅ ወገቤን ያዘኝ።

ጥቅምት 9

ልጄ መጣች።

“እማዬ፣ ከማን ጋር ነው እንዲህ የምትስቂው?”

“ከጥርስ ነቃይ ጋር።”

“ውይ፣ አሞሽ ነበር እንዴ?”

ስልኳ ላይ ሚም የሚሉትን የቀልድ ሥዕል አሳየችኝ። ድመት ናት። በቃ፣ ድመት። ምኑ ነው የሚያስቀው ብላት “ከተብራራማ አያስቅም” አለች። እንግዲያው የእኔም ጉዳይ አይብራራ።

ጥቅምት 12

“ቆየኝ፣ አንድ መንጋጋ ነቅዬ ልምጣ” አለ። ለካ ስሙ ፉከራ አይደለም፣ የእውነት የጥርስ ሐኪም ነው! በሽተኛው አፉን ከፍቶ፣ እሱ ከእኔ ጋር ዳማ...

ተመልሶ ደግሞ፦ “እውነቱን ልንገርህ። ያን ቀን አልቆልኝ ነበር። ለምን ሸሸህ? አሸናፊ ተብዬ አንድ ቀን እንኳ አልጣመኝም።”

ስልኩን ትራስ ሥር ከተትኩት። ለካ እሱንም ሲቆጨው ኖሯል።

ጥቅምት 13

“አለሁ” ማለት ቀሎኝ ነበር። እዚያ ውስጥ እኔም ባሌም እንገባለን። “የለም” ውስጥ ግን የሚገባው እሱ ብቻ ነው... እንዴት ብዬ ልጻፈው?

ጥቅምት 15

ለካ ጽፌዋለሁ። በዚህ ደብተር ከላይ ጀምሮ ያለው እሱው አይደል?

ልጄ ገጽ በስልክ ፎቶ ማንሳት አስተማረችኝ። ለማን ነው ብትለኝ ነገርኳት፤ ስለ ገመዱም ጭምር። መጀመሪያ አፈጠጠችብኝ። ቀጥሎ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች፣ ከዚያ አለቀሰች፣ ደግሞ ሳቀች።

እነዚህ ገጾች ለጥርስ ነቃይ ይደርሳሉ። ጌታዬ፣ ባሌ ፈሪ አልነበረም። እርስዎ ጥርስ ነቃይ፣ እኔ ገመድ ነቃይ። ድመቷንም አብሬ ልኬያለሁ፤ ምኗ እንደሚያስቅ ከገባዎ ይንገሩኝ።

ገመዱን ዳግም እንዳይነቀል በፕላስተር አጣብቄዋለሁ። ተራው የእርስዎ ነው፣ አንቱ የበሰበሱ መንጋጋ።