በሪዞርቱ ሎቢ የሰጠሁት ሰላምታ

ይድረስ ለእትዬ ዙህራ፣ ደሴ። አሰላሙ ዐለይኩም፤ አንቺም ልጆችሽም እንደምን ከረማችሁ? እኔ አልሀምዱሊላህ፣ ኦክላንድ ደህና ነኝ።

የማጸዳበት በውቅያኖሱ ዳር ያለው ሪዞርት ዘንድሮ ተስፋፍቷል። ገደሉ አፋፍ ላይ ስፓ ሠርተዋል፤ ሙቅ ገንዳው ውስጥ የተቀመጠ ሰው ውቅያኖሱ ላይ የተንሳፈፈ ይመስለዋል።

ያ በስልክ የፈታሽ ጣሂር ቅዳሜ ከአዲሷ ሚስቱ ጋር መጣ። ልጅቷ ሳን ሆዜ ተወልዳ ያደገች ናት። እኔን በዩኒፎርም ሲያየኝ ፊቱን አዞረ። የያዝኩትን ፎጣ አስቀመጥኩና እንደ አገራችን ወግ ረጋ ብዬ ሰላም አልኩት።

«ጣሂር፣ እንዴት ከረምክ? ልጅህ ወሊድ ደህና ነው? ሰሀርስ ትምህርት ጀመረችልህ? እናታቸውስ?»

ልጅቷ አማርኛ አትናገርም እንጂ ትሰማለች። «ሁ ኢዝ ወሊድ?» አለችው፣ ወሊድ ማነው ማለቷ ነው። ላብ አጠመቀው። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ፣ እትዬ።

ለመሆኑ የልጆቹን የቪዛ ፎርም አባታቸው ፈርሞ ልኮልሽ ነበር? ደርሶሽ ከሆነ ዛሬውኑ ኮል አድርጊልኝ፤ ካልደረሰሽ ግን ከቅዳሜው በኋላ የሚፈርም አይመስለኝም።

ለወሊድ ሲመጣ እሰጠዋለሁ ብዬ ያስቀመጥኩትን ጃኬት በሰው ልኬዋለሁ። ደሴም ይበርዳል።

ጎረቤቱን ሁሉ ሰላም በይልኝ። አላህ በደህና ያገናኘን።

ታናሽሽ ሌይላ