ቅቤ ተቀብቼ የገባሁበት ምርመራ

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለጋሼ ኤሊያስ፤ አሰብ።

ጤናህ እንዴት ነው? የአሰብ ሙቀትስ እንዴት አድርጎሃል? እንቅልፍስ ትተኛለህ ወይ? በእኔ ነገር ሳትጨነቅ እንዳልቀረህ አውቃለሁ። እኔ እኅትህ ጵርስቅላ፣ ጌታ ይመስገን፣ ድኜ ይህን በገዛ እጄ እጽፍልሃለሁ። ፊደሉ ቢንጋደድብህ ጥፋቱ የእጄ ነው እንጂ የአእምሮዬ አይደለም።

ታናሽ ወንድማችን ጠና እንደጻፈልህ፣ ከተማሪዎቼ የተጋባብኝ ኩፍኝ ወደ አንጎሌ ዘልቆ ሰው የማላውቅ ሆኜ ነበር። ትኩሳቱ ከለቀቀኝ በኋላም አንድ ወር ሙሉ ቃል አልተነፈስኩም። እዚህ ያለው ሐኪም፣ የአንጎልን ሥራ በወረቀት ላይ የሚያነሳ መሣሪያ አዲስ አበባ እንዳለ ቢነግራቸው እማዬና ጠና ይዘውኝ ሄዱ። እማዬ የፈራችው፣ እንዲህ እንደሆነች ትቀራለች እንዳይሏት ነበር።

የሚቀጥለውን እነሱ እንደነገሩኝ ነው የማወራልህ። በምርመራው ቀን ጠዋት እማዬ፣ ኤሌክትሪኩ አንጎሏን ያደርቅባታል ብላ፣ ከቤት ቋጥራ ባመጣችው ለጋ ቅቤ አናቴን አርሳ በሻሽ አሰረችልኝ። መርማሪው ሽቦዎቹን ራሴ ላይ ቢለጥፍ ሙልጭ፣ ቢለጥፍ ሙልጭ አሉበት። በመጨረሻ፣ "እናቴ፣ ለምርመራ ነው ያመጧት ወይስ ለሠርግ?" ብሎ አጥባችሁ አምጧት አለ። እማዬ እያፈረች ግቢው ውስጥ ካለው ቧንቧ ሥር አስጎንብሳ በሳሙና ትፈትገኝ ጀመር። በሦስተኛው እጥበት በሀዲይኛ፣ እማ፣ ሳሙናው ዓይኔን አቃጠለኝ፣ በቃሽ አልኳት አሉ! እማዬ ጣሳውን ወርውራ እልል ብትል ዘበኛው ሮጦ መጣ። ጠና መሬት ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ።

ከዚያ በኋላ ሽቦው ያዘ። ሐኪሙ ወረቀቱ ላይ ያለውን መስመር እያሳየ፣ አንጎሌ በቫይረሱ ክፉኛ ተቆጥቶ እንደነበር፣ አሁን ግን እያገገመ መሆኑን አስረዳቸው። እማዬ ግን ያዳናት ቅቤው ነው ትላለች፤ ማን ይከራከራታል?

አሁንም እጄ ይንቀጠቀጣል፣ የተማሪዎቼም ስም ይጠፋብኛል። ይህ ያስፈራኛል፣ አልዋሽህም። ቢሆንም ሰኞ ክፍሌ እገባለሁ፤ መዝገብ እያየሁ እጠራቸዋለሁ።

እማዬ ሁለቱንም ጉንጭህን ስማሃለች። ጠናንም በጣም ናፍቀኸዋል። ሌት ተቀን ሲጸልዩልኝ የከረሙት ጎረቤታችን እትዬ አባይነሽም ሰላም ብለውሃል። ልትቀብረኝ ከመሥሪያ ቤትህ ፈቃድ ጠይቀህ እንደነበር ጠና ገና ትናንት ነገረኝ። ፈቃዱን እንዳትመልሰው ጋሼ። ተሳፈርና ና፤ መናኸሪያ ቆሜ የምቀበልህ እኔው ነኝ።

እኅትህ ጵርስቅላ
ሆሳዕና፣ ጥር 19 ቀን 1979 ዓ.ም.