ሐብተማርያም እንግዳ በቀይ እስክሪብቶ ያረሙት ታሪክ

አቶ ሐብተማርያም እንግዳ ከአባታቸው ከአቶ እንግዳ ወልደሰንበትና ከእናታቸው ከወ/ሮ ውድነሽ ጥር 1950 ዓ.ም. በዝዋይ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ከሐይቁ ዓሣ ያሰግሩ ስለነበር ሐብተማርያም ፊደል ሳይቆጥሩ የወፍ ዓይነት ለይተዋል። ይህን የጻፈው ታናሽ ወንድማቸው ኃይለማርያም በስድስት ዓመት ተከትሏቸው ተወለደ።

እስከ ስምንተኛ ክፍል እዚያው ተምረው፣ አዲስ አበባ አጎታቸው ፎቶ ቤት ገቡና ለብዙ ዓመታት ጉርድ ፎቶና ሠርግ አነሱ። ወ/ሮ ማሚት ለመታወቂያ ጉርድ ፎቶ ሊነሱ መጥተው፣ ፊልሙ ተበላሽቷል እየተባሉ ሰባት ጊዜ ተመላልሰዋል። እዚህ ላይ እርማት አለ፤ ሦስት ጊዜ ነው። እርማቱ ከየት እንደመጣ ወደፊት ይነገራል። በ1985 ዓ.ም. ተጋቡ፤ በዓመቱም ኢየሩሳሌምን ወለዱ።

በ1991 ዓ.ም. ብቻቸውን ወደ አሜሪካ መጥተው ሴንት ፖል፣ ፍሮግታውን ሰፈር ተቀመጡ፤ ብሉሚንግተን በሚገኝ ሆቴልም እንግዶችን ከኤርፖርት የሚያመላልስ የሸትል መኪና ሹፌር ሆኑ። ከአራት ዓመት በኋላ የማሚት ወረቀት ሲዘገይ፣ ኢየሩሳሌም በዘጠኝ ዓመቷ፣ ስሟ የተጻፈበት ካርድ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሎ ብቻዋን መጣች። ኤርፖርት ስትደርስ ተንቀሳቃሹን ደረጃ ፈርታ ጫፉ ላይ ቆመች። አባቷ ከታች ሆነው ስሟን ደጋግመው ጠሩ። ሰው ከኋላዋ ተሰልፎ ሲያጉረመርም ዓይኗን ጨፍና ረገጠችው። ሐብተማርያም ካሜራቸው አንገታቸው ላይ ነበር፤ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ስለነበር ግን አላነሱም። በሰው ሠርግ አንዲት ቅጽበት ያላመለጠቻቸውን ሰው፣ ያቺ ፎቶ እስከ መጨረሻው ስትቆጫቸው ኖረች። ማሚትም በኋላ ወረቀቷ ደርሶ መጣች።

በሸትላቸው ውስጥ የዝዋይን ወፎች ፎቶ ለጥፈው ይነዱ ነበር። አንድ ቀን አንዲት የወፍ ተመራማሪ ተሳፍራ ፎቶዎቹን አየች። እሷ የምትሠራው በአላስካ ባሕር መካከል፣ ዛፍ የሌላት፣ ከሰው ይልቅ ጉም የሚበዛባት ደሴት ላይ ነው። እዚያ ጥቁርና ነጭ የሆኑ የባሕር ወፎች ጎጆ ሳይሠሩ በገደል ላይ፣ በባዶው ድንጋይ እንቁላል ይጥላሉ። ጫጩቱ ሦስት ሳምንት ሲሞላው፣ ክንፉ ገና ሳይጠና፣ አባትየው ባሕሩ ላይ ሆኖ ይጠራዋል፤ እሱም ከገደሉ ይዘላል።  ሐብተማርያም ኤርፖርት ደርሰው ሻንጣዋን ሲያወርዱላት ፎቶ አንሺ ያስፈልጋችኋል ወይ ብለው ጠየቁ።

ሁለት የአሜሪካ በጋ የዓመት ፈቃዳቸውን ወስደው ሄዱ። ሺህ ወፍ አነሱ፤ ዝላዩን ግን አላገኙም። መጀመሪያ ዘግይተው ደረሱ፤ ቀጥሎ ጉም ሸፈነው። በ2010 ዓ.ም. ለሦስተኛ ጊዜ ሄዱ።

በዚያ ነሐሴ፣ ኃይለማርያም ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሰብስቦ፣ የዚያ ገደል ነፋስ ባለፈው ዓመት ሁለት ሰው እንደ ገለባ አንስቶ ባሕር ውስጥ ጨመረ ብሎ አወራ። ነፋሱ ባርኔጣ ነው የወሰደው። ወሬው በሁለት ቀን ኤደን ፕሬሪ ከተማ ደርሶ ሲመለስ፣ ሐብተማርያም ከገደል ወደቁ ሆኖ መጣ። ለኃይለማርያም ሲነገረው የገዛ ወሬው መሆኑን አላወቀውም፤ መሬት ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። መርዶ በስልክ አይነገርም። ማሚት ዘንድ ደውሎ ባልሽ ደህና ናቸው ወይ ማለትም ራሱ መርዶ ነው። ስለዚህ ማንም አልጠየቀም። በማግስቱ ንጋት ላይ ሰባት ሽማግሌ በሯ ሄዱ። በመስኮት አየቻቸውና እነሱ አንድም ቃል ሳይናገሩ ጮኸች።

ሐብተማርያም ከደሴቲቱ በእሑዳቸው እንደ ልማዳቸው በሳተላይት ስልክ ደወሉ። በቃላቸው የሚያውቁት የማሚትን ቁጥር ብቻ ነበር። የሐዘንተኛዋን ስልክ የያዙት ጎረቤታችን ወ/ሮ ዙለይሃ ናቸው። ኃይለማርያም የሰው ድምፅ መኮረጅ እንደሚወድ ያውቃሉ፤ በዚያ ሰዓት ደግሞ ለለቀስተኛው ውኃ ሊገዛ ወጥቶ ነበር። «አንተ ቀልደኛ፣ የወንድምህ ሬሳ ባሕር ውስጥ ሆኖ ድምፁን ትኮርጃለህ? አታፍርም?» ብለው ዘጉ። እሳቸው ደግመው ቢደውሉ እርግማን ተጨመረ። በሦስተኛው የማሚት ስልክ ተዘጋ።

ጫጩቶቹ ገደሉ ጫፍ ላይ መቆም የጀመሩት በዚያው ቀን ነው። ጀልባም በዚያ ቀን ነበረች፤ የሚቀጥለው ከአሥር ቀን በኋላ ነው። ሐብተማርያም ካሜራቸውን ከማቆሚያው ነቅለው ጀልባዋ ላይ ወጡ።

በአራተኛው ቀን ቤታቸው ገቡ። ለለቅሶ የመጡት ቄስ በመስኮት ዘለሉ የሚባለው ኃይለማርያም የጨመረው ነው፤ ተቀምጠው ነው ያማተቡት። ኢየሩሳሌም አንገታቸው ላይ ተጠምጥማ አልላቀቅም አለች። ማሚት ከላይ እስከ ታች አይታቸው፣ «ሐብቴ፣ ጫማህን ውጭ አውልቅ፤ የወፍ ኩስ ነው» አለች። ከዚያ እዚያው ቁጭ ብላ እንደገና አለቀሰች።

ኃይለማርያም በለቅሶው ሁለተኛ ቀን የሕይወት ታሪካቸውን ጽፎ ነበር። ሐብተማርያም ካላሳየኸኝ ብለው ተቀብለውት በቀይ እስክሪብቶ አረሙት። ሰባቱን ሦስት አደረጉ። ክንፉ ሸትል ያህላል የሚለውን ሰርዘው፣ ወፉ ዳክዬ ያክላል አሉ። ጽሑፉ የጫጩቱን ዝላይ አንስተው በዚያው ቅጽበት እንዳረፉ ይናገር ነበር፤ ከጽሑፉ ሁሉ ያማረው ቦታ ነበር። እሱ ላይ ረጅም መስመር አስምረው እንዲህ ጻፉ፦ «አላነሳሁም። ቤቴ መጣሁ። የሞትኩበትን ቀን አንተ ሙላ፤ ሌላውን አትንካ።» ወሬው ከማን እንደተነሣ ያውቁ ነበር፤ ያንን ግን አልጻፉም።

በዓመቱ ኩላሊታቸው ታመመ። በሳምንት ሦስት ቀን ዲያሊሲስ ስለሚያደርጉ ደሴቲቱን ዳግመኛ አላዩም። የልጅ ልጃቸውን ኢያኤልን ግን እያቀፉ በጓሯችን የድንቢጥ ፎቶ አስነሥተውታል። ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ67 ዓመታቸው፣ ማሚትና ኢየሩሳሌም እጃቸውን እንደያዙ ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውን፣ የልጅ ልጃቸውንና አንድ ወንድማቸውን ትተው አልፈዋል።

እንግዲህ ቀኑ ተሞልቷል። ኃይለማርያም ሳይፈቀድለት የጨመረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወሬው የእሱ እንደነበረ። ያቺ የዝላይ ፎቶ የለችም። አለች ቢባል ደሴቲቱ ድረስ ሄዶ የሚያጣራ ከመካከላችን አይገኝም፤ ግን የለችም።

በስማቸው የጠራቸው አባት እጁን ዘርግቶ ይቀበላቸው። አሜን።