ዘሀራ ብርዷት ነው ያልሽ ዕለት

ሰሚዬ፣ እህቴ፤

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። አላህ ማረፊያሽን ያስፋልሽ። ከተለየሽን ዛሬ ሰባት ወር ከአሥራ አንድ ቀን ሆነ። ቀኑን የምትቆጥረው እማዬ ናት። ጠዋት ትምህርት ቤት ልሄድ ጫማዬን ሳስር ስለ ሌላ ነገር የምታወራ መስላ «ዛሬ ይህን ያህል ሆናት እኮ» ትለኛለች። እኔም «አዎ» ብዬ እወጣለሁ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርሽ፤ ወሬ ሳይደርስሽ ሲቀር ታኮርፊ ነበር። ሶፋው ቦታውን አልቀየረም። አንቺ የምትቀመጪበት ጥግ ላይ ግን ማንም አይቀመጥም። አትቀመጡ ያለ ሰው የለም። እንግዳ ወደዚያ ሲያመራ እማዬ ትራሱን ማስተካከል ትጀምርና «ይኼኛው ይሻልዎታል» ብላ ወደ ሌላው ወንበር ትመልሰዋለች። ወደ ቤታችን የሚያወጣው የቀጨኔ ዳገት ደረጃ ተሠርቶለታል። ሦስት ጊዜ ቆመሽ የምትተነፍሺበት ያ ዳገት ማለቴ ነው። ደረጃው ያለቀ ዕለት ተናደድኩ። አሁን ምን ያደርግላታል አልኩ። ከዚያ የታችኛው ሰፈር ሽማግሌ ከዘራቸውን ይዘው ቀስ እያሉ ሲወጡበት አየሁና ንዴቴን ዋጥኩት።

አባዬ እንደነበረው ሸጎሌ ከብት ገበያው አጠገብ ሱቁ ይውላል። ገመድ፣ ጀሪካን፣ ለከብት የሚሆን ጨው ይሸጣል። ማታ የበግ ገበያውን ሽታ ይዞ ሲገባ «አባዬ መጀመሪያ ታጠብ!» የሚለው ሰው የለም። ማንም ሳይነግረው ቀጥ ብሎ ወደ ውኃው ይሄዳል።

የጁምዓ ፊልማችን አልቀረም። ይኼን ስሰማ ደስ ይለኛል እንደምትዪ አውቃለሁ። የዋናው መንገድ ላይ ያለው ሙዚቃ ቤት ፍላሹን ይሞላልኛል፤ ከጁምዓ ሶላትና ከምሳ በኋላ እማዬ ነጠላዋን እግሯ ላይ ጣል አድርጋ ትቀመጣለች፤ እኔ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ መሬት ላይ ሆኜ ከሥር የሚያልፈውን እንግሊዝኛ እያነበብኩ በአማርኛ እነግራታለሁ። ሥራሽን ወረስኩ ማለት ነው። እንዳንቺ አልሆንኩም። አንቺ ስታስተረጉሚ ድምፅሽ ከሰውዬው አፍ የወጣ ይመስል ነበር። እኔ አንዱን መስመር ስጨርስ ሁለቱ አልፈውኛል፤ እማዬም «እሺ ከዚያስ፣ ከዚያስ» እያለች ታጣድፈኛለች።

ስሞቹን ግን እንዳንቺ አደርጋቸዋለሁ። የኮሪያዎቹ ስም እማዬን እያምታታት ስታስቸግርሽ ለሁሉም የሰፈራችንን ስም ማውጣት የጀመርሽበትን ቀን አልረሳውም። ረጅሙ ልጅ ጀማል ሆነ። የምትወደው ልጅ ዘሀራ ሆነች። ክፉዋን አክስት ደግሞ፣ አላህ ይቅር ይበልሽ፣ በጎረቤታችን በእትዬ ሩቂያ ስም ጠራሻት። «አሁን ሩቂያ ሾርባው ውስጥ መርዝ ልትጨምርበት ነው» ስትዪ እትዬ ሩቂያ ወንፊት ሊዋሱ በር ላይ ቆመው ነበር። እማዬ መሬት ብትከፈት ትገባ ነበር። እሳቸው ግን ጫማቸውን አውልቀው ገቡና ተቀመጡ። ወንፊቱን ረስተው እስከ መጨረሻው አዩ። ከዚያ ወዲያ በየሳምንቱ ከበር ጀምሮ «ዛሬስ ምን አደረግኩ?» እያሉ ይመጣሉ። አሁንም ይመጣሉ ሰሚ። ባለፈው ጥሩ ሴት ባደርጋቸው ቅር አላቸው።

እንግዲህ ልነግርሽ ወደተቀመጥኩበት ነገር ልምጣ። ማመልከቻዎቹን ታስታውሻለሽ። የልብ ሕመምሽ አላስቀምጥ ብሎሽ ትምህርትሽን አቋርጠሽ ቤት በዋልሽበት ጊዜ፣ እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደገባሁ፣ ሦስት አስሞላሽኝ። «ሁለቱ ለአባዬ፣ አንዱ ላንተ» አልሽኝ። የአባዬ ሁለቱ የፋርማሲ ኮሌጆች ነበሩ። ሦስተኛው ፊልም መሥራትና መተርጎም የሚያስተምረው የውጭ አገሩ ትምህርት ቤት ነው። ፊልም በሕይወትህ ውስጥ ምን ቦታ አለው የሚል ጥያቄ ነበረው። እኔ ስለ ሥነ ጥበብ ታላቅነት አንድ ገጽ ጻፍኩ። አነበብሽና «ሙቤ፣ ይኼ የርዕሰ መምህሩ ንግግር ነው» ብለሽ አስጠፋሽኝ። ስለ እትዬ ሩቂያ ጻፍ አልሽኝ። ጻፍኩ። ላክነው። «በል አሁን መጠበቅ ነው፤ ለአባዬ መልሱ ሲመጣ እንነግረዋለን» አልሽ። እንነግረዋለን ነበር ያልሽው። በሦስተኛው ሳምንት ጥለሽኝ ሄድሽ።

መጠበቅ እንዲህ ያለ ሥራ መሆኑን አላውቅም ነበር። ታክሲ ውስጥ ስልኬን እከፍታለሁ፤ በእረፍት ሰዓት እከፍታለሁ፤ አባዬ ሱቅ ጨው ስመዝን እከፍታለሁ። አንደኛው ፋርማሲ ገና በበጋው «አይሆንም» አለኝ። አባዬ «ሁለተኛው አለ» አለ። ሦስተኛ እንዳለ ግን አያውቅም።

ካለፍሽ በሁለተኛው ወር እማዬ የጀማልንና የዘሀራን ፊልም እንደገና ክፈትልኝ አለችኝ። መጀመሪያ አንቺ ስታሳያት እኔ ስልኬ ላይ ተጠምጄ ስለነበር ከሥር የሚያልፈውን አላነበብኩም። አሁን አነበብኩት። መጨረሻው ላይ ዘሀራ ትሞታለች ሰሚ! ሆስፒታል አልጋ ላይ እያለች ነጭ ጨርቅ ፊቷ ላይ ይጎትቱባታል። ጀማል በሩን ይዞ ያለቅሳል። አንቺ ለእማዬ ያልሻት ትዝ አለኝ። «ብርዷት ነው የሸፈኗት። ወደ ውጭ ሐኪም ቤት ሊወስዷት ነው፤ እሱም የሚያለቅሰው ስለሚናፍቃት ነው።»

እማዬ ዞር ብላ አየችኝ። ከዚያ ያንቺኑ ቃል ደገምኩት፤ ብርዷት ነው አልኩ። «እሰይ፣ ዳነች ማለት ነው» አለችና ነጠላዋን አጣጥፋ ተነሣች። ያን ቀን አንድ ነገር የተማርኩ መሰለኝ። ለሚወዱት ሰው እንዲህ ነው የሚያስተረጉሙለት አልኩ። ያየሁትን ሳይሆን የሚሻለውን መንገር ማለት ነው ብዬ ያዝኩት።

የዛሬ ወር ገደማ፣ ጁምዓ ምሳ ላይ፣ ስልኬ ጮኸ። ሁለተኛው ፋርማሲ ነበር፤ እዚሁ ከተማችን ያለው ኮሌጅ። ማትሪክ ካለፍክ ተቀብለንሃል፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ እሺታህን አሳውቀን ይላል። አባዬ ጉርሻውን እጁ ላይ እንደያዘ «ምን ይላል?» አለኝ። የማነበው እንግሊዝኛ ነው፤ ከቤቱ ውስጥ የሚያነበው እኔ ብቻ ነኝ። አፌ ቀደመኝ። «አልተቀበሉኝም» አልኩ።

አባዬ ጉርሻውን መልሶ ትሪው ላይ አኖረው። «አልሐምዱሊላህ፤ ለበጎ ነው» አለና ኮቱን ለብሶ ወደ ሸጎሌ ወረደ። ትከሻውን ከኋላ አየሁት።

እማዬ ትሪውን አላነሣችም። «ሙባረክ» አለችኝ፤ ሙሉ ስሜን ስትጠራ ታውቂያታለሽ። «አሁን የነገርከን እንደ ሰሚራ ነው እንደ ፊልሙ?»

እንዳልገባኝ ሆንኩ። ያኔ ነው የነገረችኝ። «ልጄ፣ እንግሊዝኛ አላውቅም እንጂ ዓይን አለኝ። ነጭ ጨርቅ ፊቷ ላይ ሲጎትቱባት አይቻለሁ። ለዚያ እንግሊዝኛ ያስፈልጋል?» አለችኝ። መጀመሪያውኑ ታውቅ ነበር ሰሚ። የአንዷን ብቻ አይደለም፤ ለሥራ ሄደ ያልሽውን የቱርኩን ሽማግሌ፣ ተኝታለች ያልሻትን የህንዷን እናት፣ ሁሉንም ታውቅ ነበር። «እሷ ለእኔ ብላ ትዋሻለች፤ እኔ ለእሷ ብዬ አምናታለሁ። ልቧ እንደዚያ ሆኖ ሞተች የሚለውን ቃል ከአፏ ማውጣት ሲያስፈራት እያየሁ ምን ልበላት? ብርዷት ነው ስትል እኔም እሰይ እላለሁ። ሁለታችንም ደህና ሆነን ቡና እናፈላለን።» ከዚያ ዓይኔን አየችኝ። «አንተ አሁን የዋሸኸው ለማን ብለህ ነው?»

አንቺ የዋሸሽው ለእማዬ ነበር። እኔ የዋሸሁት ለራሴ ነበር፤ ስሙን ግን ያንቺን ሰጥቼው ነበር። ትሪውን አንሥቼ ጓዳ ገባሁና አለቀስኩ። ከቀብርሽ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለቀስኩት ያን ቀን ነው።

በማግስቱ ቅዳሜ ወደ ሸጎሌ ወረድኩ። ገበያው ሞልቷል። አባዬ በሬ ለገዛ ሰውዬ ገመድ በክንዱ እየለካ ነበር። አጠገቡ ቆሜ ሁሉንም ነገርኩት፤ ተቀብለውኛል አልኩ፣ ዋሸሁ አልኩ፣ ሦስተኛ ማመልከቻ አለ አልኩ፣ እሱም የፊልም ነው አልኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ሲለካ ቁጥሩ ጠፋበት። እንደገና ከአንድ ጀመረ። ሰውዬው «ኧረ አባት፣ በሬው ሊሄድብኝ ነው» አለው። ለክቶ፣ ቆርጦ፣ ሸኝቶት ሲያበቃ «ሦስተኛውን ማን አስሞላህ?» አለኝ።

«ሰሚራ» አልኩት።

ጀሪካን ገልብጦ ተቀመጠበት። «እሷም ደብቃኛለች በለኛ» አለ፤ ግን ስምሽን ሲሰማ ፊቱ የሚሆነውን ሆነ፣ ሊስቅም ሊያለቅስም የሚሞክረው ዓይነት። ከዚያ ስለ ፋርማሲ አስቤው የማላውቀውን ነገረኝ። መድኃኒትሽን ፍለጋ ከተማውን ሲዞር በየመስኮቱ «የለም» ይሉታል። «አንድ ቀን ከዚያ መስኮት ጀርባ የእኔ ልጅ ቢቆም፣ የለም ሲል እንኳ አዝኖ የሚል ሰው ይሆናል ብዬ ነው» አለኝ። «ለእሷ ነበር ያሰብኩት። እሷ ደግሞ ለካ ላንተ ሌላ አስባልሃለች።»

እሺ አላለኝም ሰሚ፤ እንደ ፊልሙ ልንገርሽ። ማትሪኩ እስኪወጣ ቦታውን ያቆዩልህ እንደሆነ ጠይቅ አለኝ። ጻፍኩላቸው፤ ስጽፍ ከጎኔ ቆሞ እያንዳንዱን መስመር አስተረጎመኝ። አናቆይም አሉ። ያንንም እንዳለ ነገርኩት። ሁለት ቀን ሱቅ ስሄድ አላናገረኝም። በሦስተኛው «ማትሪክህን ግን በደንብ አጥና፤ ፊልም ቤትም ማትሪክ ይጠይቃል» አለኝ። ሁለቱ ሳምንት እሺታዬን ሳልልክ አለፈ፤ እንግዲህ በእጄ የቀረው ያንቺ አንዱ ብቻ ነው። እስካሁን መልስ የለም። ላይመጣም ይችላል። አንዳንዴ ጨው እየመዘንኩ ትልቅ ስሕተት የሠራሁ ይመስለኛል፤ ከዚያ ጁምዓ ይመጣል።

ባለፈው ጁምዓ አባዬ ከመስጊድ ቀጥታ ወደ ቤት መጣ፤ ሱቁን አልከፈተም። ታጥቦ ወጣና ያንቺ ጥግ ላይ ተቀመጠ። እማዬን አየኋት። እጇ ወደ ትራሱ ሄደና መሃል ላይ ተመለሰ። ተወችው።

አዲስ ፊልም ነበር፤ ከባሕር ዳርቻ መንደር ወጥታ ብቻዋን ወደ ማታውቀው ከተማ ስለምትሄድ ልጅ ነው። አባዬ ፊልም ማየት አያውቅም፤ «ይኼ ሰውዬ የቅድሙ ነው?» እያለ አስቸገረን። «ልጅቷ ማን ትባላለች?» ሲለኝ ገና ስም አላወጣሁላትም ነበር። ስምሽን እስከዚያ ቀን ለማንም ሰጥቼ አላውቅም፤ አፌ እምቢ ይለኝ ነበር።

«ሰሚራ በላት» አለ አባዬ።

እትዬ ሩቂያ ቀስ ብለው «እኔስ ዛሬ የለሁበትም?» አሉ። እማዬ ሳቀች፤ ከሄድሽ ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ አልሰማሁም። ሰሚራ አልኳት። ሰሚራ አውቶቡስ ያዘች፣ ሰሚራ ዝናብ መታት፣ ሰሚራ ደብዳቤ ጻፈች። ፊልሙ ያለቀው ጣቢያ ላይ ቆማ ሊቀበላት የሚመጣውን ሰውዬ ስትጠብቅ ነው። አባዬ «ከዚያስ?» አለ። ያልቃል፣ ከዚህ በኋላ አይናገርም አልኩት። «እንዲህ ያለ ፊልም ምን ያደርጋል?» ብሎ ተበሳጨ። እንዳንቺ ባደርገው ኖሮ ሰውዬው ይመጣ ነበር፤ ወይም ደብዳቤው ይደርስ ነበር። አላደረግኩትም። ጣቢያው ላይ ተውኳት።

ስለ አንቺ ሲጠይቁኝም እንደዚያው ነው። ብርዷት ነው አልልም። እህቴ ሞታለች እላለሁ፤ ከዚያ ግን ጀማልን፣ ዘሀራን፣ የእትዬ ሩቂያን ሾርባ እነግራቸዋለሁ፤ ስቀው እስኪጨርሱ አልለቃቸውም። ይኼን በየሄድኩበት አደርገዋለሁ፤ ጨው መዛኝ ብሆንም፣ የሌላ አገር ሰው ብሆንም። መልሱ የመጣ ቀን ደግሞ ማንም ሳይሰማው መቃብርሽ ድረስ መጥቼ መጀመሪያ ላንቺ አነብልሻለሁ። ቢሆንም ባይሆንም እንደተጻፈው ነው የማነብልሽ።

ወንድምሽ ሙባረክ
ቀጨኔ