ያልጻፍኩት ዓረፍተ ነገር

ረቡዕ፣ የካቲት 9 ቀን 1975 ዓ.ም.፣ አዋሳ

ንዴቴ እስካሁን አልበረደም። ባለፈው ሳምንት ለባህል አዳራሹ የግድግዳ ጋዜጣ ስለ ዳንኤል ልብ ወለድ አስተያየት ጽፌ ነበር። ዳንኤል የመሥሪያ ቤት ታይፒስት ነው። ሁለት ዓመት የለፋበትን የፍቅርና የወንጀል ታሪክ ገና ሳይታተም ያስነበበው እኔን ብቻ ነው። ገዳዩ ቶሎ ይታወቃል፣ ባለታሪኳ ማርታ የገዳዩን መኪና በር ስትከፍት ግን ልቤ ተንጠልጥሎ ነበር ብዬ ጻፍኩ።

ዛሬ በእረፍት ሰዓት እማስተምርበት ትምህርት ቤት መጣ። "እትዬ አልማዝ፣ ፊት ለፊት ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?" ብሎኝ ሄደ። ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም። ከክፍል ስወጣ ባህል አዳራሽ ሄጄ ጋዜጣውን አነበብኩ። ጋዜጣውን የሚያዘጋጀው የንባብ ክበብ ሊቀመንበር ግርማ ሙገሳዬን ቆርጦ "ወጣቱን ከትግሉ የሚያዘናጋ የአድኃሪ ጽሑፍ" የሚል ጨምሮበታል። ከሥሩ የእኔ ስም አለ።

"ለአንቺው ብዬ ነው" አለኝ እዚያው ያገኘሁት ግርማ፣ ዓይኑን እንኳ ሳያሸሽ። "እንዲህ ያለ ነገር ስታሞግሺ ምን እንደምትባዪ ታውቂያለሽ?"

ወረቀቱን ከግድግዳው ገንጥዬ ፊቱ ቀደድኩት። ነገ ምን እንደሚያመጣብኝ አላውቅም።

ከዚያ በቀጥታ መናኸሪያ አጠገብ ወዳለው የዳንኤል ቤት ሄድኩ። ሚስቱ በር ላይ ቆማ አነጋገረችኝ። "ቤታችን ይፈተሻል ብሎ ፈርቶ ልብ ወለዱን ምሳ ሰዓት ላይ አቃጠለው" አለችኝ። ሌላ ቅጂ አልነበረውም።

ዳንኤል ውስጥ ነበር፤ ሳሉን ሰምቻለሁ። እኔ አይደለሁም የጻፍኩት ብዬ ከደጅ ተናገርኩ። አልወጣም።