ባለ መስኮቷ ካርቶን

ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ፣

እንደምን ሰነበትክ? ጤናህስ እንዴት ነው? ወገብህ ተሻለህ ወይስ ዛሬም ጎንበስ ስትል ያጉረመርማል? ባለቤትህ፣ ልጆቹ፣ ጎረቤቶቻችሁ ሁሉ እንደምን ናችሁ? እኔን ብትሉኝ፣ ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ከሚወቅሰኝ በቀር ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። አንቺም ለአባትሽ የምታነቢለት ልጄ፣ ቀስ ብለሽ አንብቢለት። አክስትሽ ይህን የጻፈችው ላብ በላብ ሆና ነው።

ትምህርት ቤት ረዳት ሆኜ ተቀጠርኩ ብዬ በስልክ ስነግርህ፣ አንቺ ዝምተኛዋ ከሕፃናት ጋር ምን ልታወሪ ነው ብለህ ስቀህብኝ ነበር። እንግዲህ ስማኝ። የምሠራው ማንበብና መጻፍ የሚከብዳቸው ልጆች በሚማሩበት ልዩ ክፍል ውስጥ ነው። ክፍሉ ጠባብ ነው። ጫጫታ እንዳይገባ መጋረጃው ወፍራም ነው፤ ወንበሮቹም ሲጎተቱ እንዳይጮኹ እግራቸው ላይ የቴኒስ ኳስ ተሰክቶባቸዋል። ልጆቹ ፊደል መጻፍ የሚጀምሩት አሸዋ በተሞላ ትሪ ላይ በጣታቸው ነው። ወለሉን የምጠርገው እኔ ነኝ፤ ከጫማዬ የማራግፈው አሸዋ ቢጠራቀም ቤት ያሠራል።

መምህርቷ በዕድሜ ልጄ የምትሆን ናት፤ አለቃዬ ግን እሷ ናት። ልጅ ሲቸገር ጣልቃ እንዳልገባ እጄ ላይ መቀመጥን ያስተማረችኝም እሷ ናት። ልጅ አንድ ቃል ላይ ሲጣበቅ አንጀቴ አይችልም፤ ቶሎ ብዬ እነግረዋለሁ። “እትዬ፣ ሲነግሯቸው እኮ የሚያነቡት እርስዎ ነዎት” አለችኝ። እውነቷን ነው። ግን የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ አይደል?

ከልጆቹ አንዷን “ጠበቃዋ” እንላታለን። ያልተከራከረችበት ነገር የለም፤ ደወሉ ሲደወል እንኳ “ማን አዘዘው?” ትላለች። ስለ አንዲት ከቤት ስለጠፋች ዶሮ የሚያወራ ቀጭን መጽሐፍ አላት። “እማማ፣ አንዴ ብቻ!” እያለች በየዕረፍቱ ታመጣልኛለች፤ እኔም ደስ ይበላት ብዬ አነብላታለሁ።

አንድ ቀን አባቷ መጣ። የአውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ቁልፉን ጣቱ ላይ እያሽከረከረ ገባ። “ልጄ ቤት ውስጥ እንደ ውሃ ነው የምታነበው፤ እዚህ ምን ትሠራለች? ከነገ ጀምሮ ከእኩዮቿ ጋር ትግባልኝ” አለ። ጠበቃዋም መጽሐፏን ይዛ ቆመችና ታንበለብለው ጀመር። አነሳሷ፣ ትንፋሽ አወሳሰዷ፣ ዶሮዋ ስትንጫጫ የማወጣው ሳል የሚመስል ድምፅ ሳይቀር የእኔው ነው! መሐል ላይ ሁለት ቅጠል አንድ ላይ ገለጠች፤ ታሪኩ ግን አልተቋረጠም። በሥዕሉ ዶሮዋ ቤቷ ገብታ ተኝታለች፣ ጠበቃዋ ግን ገና መንገድ ለመንገድ ታንከራትታታለች።

ወንድም ዓለሜ፣ ይህን ከየት እንደማውቀው አንተ ታውቃለህ። ልጆች ሳለን አባባ ፊት መጽሐፍ ይዘህ ስትቆም፣ እንግዳ በተሞላ ቤት “በቃሉ ነው!” ብዬ የጮህኩት እኔ ነበርኩ። እኔው፣ በአንተ መጽሐፍ ፊደል የለየሁት። ከዚያ ወዲያ መጽሐፍ አልነካህም፤ እኛም ያን ቀን አንስተን አናውቅም።

ስለዚህ አፌን ያዝኩ። ልጅቷ ስትጨርስ አጨበጨብኩላት። ለዕረፍት ስትወጣ ግን እኔ ዝምተኛዋ ተነሣሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እየደጋገምኩ አንብቤላት በቃሏ ይዛዋለች፣ ለብቻዋ ገና አንድ መስመር አትወጣም፣ አሁን ወደዚያ ክፍል ብትገባ ይሳቅባታል አልኩ። ሾፌሩ ቁልፉን ማሽከርከር ተወ።

“ይህን ሁሉ መጽሐፍ በጭንቅላቷ?” አለ።

“አዎ፣ በጭንቅላቷ” አለችው መምህርቷ።

ቁልፉን ኪሱ ከትቶ፣ “እኔ እኮ ደደብ ናት እንዳይሏት ብዬ ነው። ይህን የያዘ ጭንቅላት ደደብ ነው የሚል ካለ ግን ይምጣና እንተያይ!” ብሎ ሳቀ። እስክትችል እዚሁ ትቆይ ብሎም ሄደ።

ከዚያ በኋላ መምህርቷ አንዲት ካርቶን መሐሏ ላይ ቀጭን መስኮት ቆርጣ ሰጠቻት። ገጹ ላይ ሲያስቀምጧት አንድ መስመር ብቻ ታሳይና ሌላውን ትሸፍናለች። “መስመሮቹ ሁሉ አንድ ላይ ይጮኹብኝ ነበር” አለችን ጠበቃዋ። ማክሰኞ ዕለት አይታው በማታውቀው መጽሐፍ አንድ መስመር ለብቻዋ አነበበች፤ እኔ እጄ ላይ ተቀምጬ፣ ምላሴን ነክሼ። ስትጨርስ ግንባሯን ጠረገችና “ይሄማ የጉልበት ሥራ ነው፤ ክፍያ የለውም?” አለች። ሁሉም ሲስቅ እኔ መጋረጃ የማስተካክል መስዬ ፊቴን አዞርኩ።

እንዲህ ያለችዋን ካርቶን ለአንተም ቆርጬ ፖስታው ውስጥ አድርጌያለሁ። ግዴታ የለብህም። ባትፈልጋት እንጨት በመጋዝ ስትቆርጥ መለኪያ አድርጋት።

ባለቤትህን በሁለቱም ጉንጯ ሳምልኝ። ትልቁ ልጅህ ከእኔ በላይ ረዝሟል አሉ፤ ጎንበስ ብሎ ይሳመኝ። ትንሿን ደግሞ እግሯን ሳምልኝ፤ ጎረቤትህን አናጺውንም ሰላም በልልኝ። አንቺ አንባቢዋ ልጄ፣ ዕድሜ ይስጥሽ፤ አሁን ወረቀቱን ለአባትሽ ስጪው። ከታች ያለችው መስመር የእሱ ናት። ቢቸግረው እንዳትነግሪው፤ እጅሽ ላይ ተቀመጪ።

እህትህ
ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ካለችው ክፍሌ
እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ የካቲት 9 ቀን

ወንድሜ፣ ጎበዝ ነበርክ። ዛሬም ነህ።